ጠብታው ሳያልቅ

ውድ ወንድሜ በቃሉ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። አንተን መጠየቅ ስለማልችል ስለ እማ ዓይን ልንገርህ፤ ድኗል። ዛሬ ዓርብ ጠዋት ለመጨረሻ ቀጠሮዋ ሆስፒታል ወስጃት ነበር። ነርሷ በባትሪ እያበራች አየቻት፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች "ይሄ ወዴት ዞሯል? ይሄስ?" እያለች ጠየቀቻት፤ እማ ሁሉንም አገኘችው። "እናቴ፣ ከእንግዲህ ጠብታውም ይበቃዎታል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ይችላሉ" አለቻት። እማ ሳቀች፣ መረቀቻት። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። የእማ ዓይን ዳነ ማለት ነገ ማለዳ መርዶህን ይነግሯታል ማለት ነው።

"መርዶህን" ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ አንተ አልሞትክም። ሥራ በዝቶብህ ነው፣ ኔትወርክ ጠፍቶብህ ነው፣ ስልክህ ውኃ ገብቶበት ነው። ይህን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን እማ ውስጠኛው ክፍል ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች፤ እኔ በስልኬ መብራት እጽፍልሃለሁ። የሚደርስብኝን ሁሉ የምነግረው ለአንተ ነበር፤ ይህንንም የምነግረው ሌላ ሰው አጣሁ።

እማ የቀኝ ዓይኗን ሞራ በነፃው የዓይን ሕክምና ዘመቻ ከተገፈፈላት ገና ጥቂት ቀኗ ነበር። አጎታችን ይመር ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ከክፍል አስጠራኝ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ነበር። ከግልገል በለስ ወደ ፓዌ በሞተር ስትመለስ አደጋ እንደደረሰብህ ነገረኝ። ከፊትህ የጭነት መኪና አለፈ፤ አንተ አቧራው ውስጥ ገባህ፤ ከአቧራው ውስጥ ሌላ መኪና መጣ። አክስታችን ሰብለወንጌል በማግስቱ እዚያው ፓዌ ቀበረችህ። ፓዌና እኛ ያለንባት አሶሳ አንድ ክልል ናቸው፤ ቀጥታው መንገድ ግን ከተዘጋ ቆይቷል፤ በአዲስ አበባ ዞሮ ለመምጣት ደግሞ አስከሬን አይጠብቅም። እማ፣ ይመርና ሰብለወንጌል በሰፈራው ጊዜ ልጆች ሆነው ከወሎ ሲመጡ በሁለት አውቶቡስ ተከፋፍለው ነበር የተለያዩት። ዛሬም እንደተለያዩ ናቸው።

"ሐኪሙ እንዳታለቅስ፣ እንዳታጎነብስ፣ ዓይኗን እንዳታሽ ብሏል" አለኝ ይመር። "ልጇ ሄዷል፤ ዓይኗንም እንጨምርበት? እስክትድን አይነገራትም። አብረሃት የምትውለው አንተ ነህ፤ ቻለው።"

ይህን ሲል እሱ ያለቅስ ነበር። እኔን ግን ከለከለኝ፤ ዓይኔ ቀልቶ ቤት እንዳልገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን እስር ቤት ሆነ፤ እስረኛውም ጠባቂውም እኔ ነበርኩ። አቧራ ይጎዳሻል እያልኩ ከቤተ ክርስቲያን አስቀረኋት። ፀሐይ ይጎዳሻል እያልኩ ከገበያ አስቀረኋት። ስልኳን ተበላሽቷል ብዬ ወስጄ ማሽላው ጆንያ ውስጥ ደበቅኩት፤ ልጆች ሳለን ብስኩት የምትደብቅብን እዚያው። ከትምህርት ቤት መልስ የትም አልሄድኩም፤ ኳስም ቀረ፣ ጥናትም የይስሙላ ሆነ። ደብተሬን ዘርግቼ የውጭ በሩን ስጠብቅ እውላለሁ። ያላወቀ እንግዳ ጥቁር ለብሶ እንዳይገባ ነበር ፍርሃቴ።

የሰፈራ አምባችን በሙሉ ያውቅ ነበር። ሴቶቹ ዓይኗን ሊጠይቁ ፈገግ ብለው ይገባሉ፣ ስለ ማሽላው ስለ ማንጎው ያወራሉ፣ ሲወጡ ደግሞ የቀርከሃውን አጥር ተደግፈው ነጠላቸውን ይነክሳሉ። ባለሱቁን ሐምዳንን ታስታውሳለህ፤ አንድ ቀን እማ በር ላይ ሆና "ሐምዳን፣ በቃሉ መቼ ይመጣ ይመስልሃል?" አለችው። እሱም እንደ ልማዱ በአማርኛው ወንዱን ሴት እያደረገ "በቃሉ? ኢንሻአላህ ትመጣለች፣ እናቴ፣ ትመጣለች" አላትና ሱቁ ውስጥ ገባ። ያን ቀን እስኪመሽ መስኮቱን አልከፈተም።

ከሁሉ የከበደኝ ማየቷ ነው። ቀድሞ በድምፄ ብቻ መዋሸት ይበቃኝ ነበር፤ አሁን በፊቴም መዋሸት ነበረብኝ። ፋሻው የተነሳ ጊዜ አገጬን ይዛ አየችኝና "ጢም አውጥተሃል እኮ፣ ማንም አልነገረኝም" አለች። ቀጥላ "ከስተሃል" አለች። ፈተና ነው አልኳት። እሑድ በመጣ ቁጥር፣ አንተ በምትደውልበት ሰዓት፣ ቀና ብላ ታየኛለች። ኔትወርክ የለም እላታለሁ። አንዴ እንዲህ አለችኝ፦

"የታወሩን ጄኔሬተር የሚያስተካክለው እሱ አይደል እንዴ? ኔትወርክ ከጠፋ ምን ሊሠራ ተቀጠረ?"

ሳቅኩላት። ሥራው ሩቅ ስለሆነ ነው፣ ነዳጅ አልደረሳቸውም፣ ምናምን አልኩ። እሷም ተወችው።

ጠብታውን የማደርግላት እኔ ነበርኩ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች፣ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ስቤ አንድ ጠብ አደርጋለሁ፤ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች፣ ውኃው በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። "ያቃጥላል" ትላለች። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከታዘዘላት ሰዓት ውጪም ትጠይቀኝ ጀመር። "እዩኤል፣ ና እስቲ ደረቀኝ፣ አንድ ጨምርልኝ።" ብልቃጡ ነርሷ ከነገረችን ቀን ቀድሞ ሊያልቅ ሲቃረብ አየሁ። ምንም አልጠረጠርኩም። ጉንጯ ሲረጥብ ጠብታው ነው ብዬ በነጠላዋ ጫፍ እጠርግላታለሁ።

አሁን በየታኅሣሡ ወደምንጠብቃቸው ተወርዋሪ ኮከቦች ልምጣ።

የመጀመሪያውን ዓመት አትረሳውም፤ አብረን ስንት ጊዜ ስቀንበታል። ከስልክህ ላይ አንብበህ "በሁለት ሰዓት ነው የሚበዛው" ብለህ ማታ በሁለት ሰዓት ሰሌን አንጥፈን ጠበቅን። አንገታችን እስኪቆለመም አየን፤ ጎረቤቱም ምን ጠፍቷቸው ነው እያለ አብሮን ቀና አለ። አንዲት ብቻ ብልጭ አለች። እማ ከውስጥ ሆና "ኮከባችሁ ቀጠሮ አያከብርም" አለች። በማግስቱ ነው የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን፣ ሌሊት ስምንት መሆኑን ያወቅከው። እኛ እንቅልፍ ላይ ሳለን ሰማዩ ሲዘንብ አድሮ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን አገኘነው፤ ካንተ ሌላ የሰማይ አስተማሪ አልፈለግኩም።

ሥራ ይዘህ ወደ ፓዌ ከሄድክ በኋላም ቀኑን አላሳለፍከውም። ከታወሩ ሥር ሆነህ ትደውላለህ፤ እኔ እዚህ ከማንጎው ዛፍ ወዲያ ሰሌን ላይ እተኛለሁ፤ ስልኩ ደረቴ ላይ ነው። "አየሃት?" ትላለህ። "የቷን?" እላለሁ። ያንተና የእኔ ሁልጊዜ ይለያዩ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ትልቅ አረንጓዴ አልፋ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ጮኽን። ከዚያ በፊት ፓዌ ሩቅ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ሐሙስ ታኅሣሥ አራት ነበር። ማንም እንዳያስታውሰው ብዬ ቀኑን ዝም ብዬ ልገፋው ነበር ያሰብኩት። ከሰዓት በኋላ እማ ራሷ አነሳችው።

"ኮከባችሁ ዛሬ አይደል?"

ብርድ ነው አልኳት፤ ዓይንሽን ይመታዋል አልኳት። ሣር እየተቃጠለ ስለሆነ ጭሱ ሰማዩን ሸፍኖታል አልኳት።

"ይሄ ዓይን ከተከፈተ ጀምሮ ጣሪያ ነው ያሳየኸው" አለችኝ። "በቃሉም እዚያ ሆኖ ያያል። ቀስቅሰኝ።"

ስምህን ስታነሳ ከፊቷ ላይ ምንም አላገኘሁም። እሺ አልኳት። ሌሊት ስምንት ሲቃረብ ልቀሰቅሳት ብሄድ ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

ሰሌኑን እኛ የምናነጥፍበት ቦታ አነጠፍኩ፤ ጋቢ ደረብኩላትና አጠገቧ ተጋደምኩ። ጨረቃ አልነበረችም። የተቃጠለ ሣር ይሸታል፣ ጭሱ ግን ወደ ታች ወርዶ ነበር። መንታዎቹ ከዋክብት አናታችን ላይ ደርሰዋል። እኔ ሰማዩን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው። ከዚያ እጇን ከጋቢው አውጥታ ጠቆመች። ቀና ስል አልፋለች። ወዲያው ሌላ መጣች፤ ረዘም ያለች፣ ከመንታዎቹ ተነስታ በሐምዳን ሱቅ በኩል የወረደች። ከዚያ ሁለት ተከታትለው።

"እንዲህ ነበር እንዴ የምታዩት?" አለች። "እኔ ልጆቹ ብርድ ይወዳሉ ብዬ ስቆጣችሁ።"

ቆይታ ማን እንደሚወረውራቸው ጠየቀችኝ። ማንም እንደማይወረውራቸው ነገርኳት። እነሱ አይመጡም፤ እኛ ነን የምንሄድባቸው። አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ ፀሐይን ይዞራል፤ ወደ ፀሐይ በተጠጋ ቁጥር ሙቀቱ ይሰነጥቀዋል፣ ከላዩ ደቃቅ ይራገፋል። ደቃቁ የሄደበት መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል። መሬት በየዓመቱ በዚሁ በታኅሣሥ ያንን መንገድ ታቋርጣለች። እያንዳንዷ ብልጭታ የማሽላ ፍሬ እንኳ የማታክል ናት፤ በፍጥነት ከአየሩ ጋር ስትጋጭ ነው የምትነደው።

"ድንጋዩ ራሱስ?"

"አልፏል፤ ሩቅ ነው።"

"እና እኛ በየዓመቱ እሱ ያለፈበት ቦታ እንደርሳለን።"

"አዎ።"

"እንዴት ነው እሱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው?" አለችኝ። "አልገባኝም።"

ይህን ጥያቄ እኔም አንተን ጠይቄህ ነበር። የመለስክልኝ መልስ አንድ ነው፤ እኔም ሌላ አላውቅም። አፌ ላይ የመጣውም እሱ ነው። "እይ እማ፣ የጭነት መኪና በጠጠር መንገድ ሲያልፍ..." ብዬ ጀመርኩ። "መኪናው አልፎ ከሄደ በኋላ አቧራው..."

እዚያ ላይ ቆምኩ። አንተ ስትነግረኝ እጅህን እያወናጨፍክ ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠን፣ ከፊታችን የሄደው መኪና አቧራ መስታወቱን ሲመታው እየሳቅክ። ከአቧራው በኋላ ያለውን ቃል ማውጣት አቃተኝ። በጨለማው ውስጥ እንኳ እንደምታየኝ አውቅ ነበር።

"ጨርሰው" አለች።

"ረሳሁት።"

"አልረሳኸውም።" ወደ ሰማይ እያየች ነው የተናገረችው። "መኪናው ያልፋል፣ አቧራው ይቀራል። ከኋላ የሚመጣው አቧራው ውስጥ ይገባል።"

ስለ ኮከቡ አልነበረም የምታወራው። ተነስቼ ተቀመጥኩ። ከጥቅምት ጀምሮ አፌ ውስጥ የያዝኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ።

"እማ፣ በቃሉ..."

መዳፏን አፌ ላይ አደረገች። ቀዝቃዛ ነበር፣ ግን አጥብቃ ያዘችኝ።

"አንተ አትበለው። የልጄን መርዶ ከልጄ አፍ አልሰማም። ቅዳሜ ይምጡ፣ እነሱ ይበሉት።"

ቅዳሜ መሆኑንም ታውቃለች። እጇን ስታነሳ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ማሽላ ልትሰፍር ጆንያውን ከፈተች። ስልኳን አገኘችው። "ብስኩት የምደብቅባችሁ ቦታ ትደብቀዋለህ?" አለችኝ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ትንሽ ሳቀች። እስከዚያ ድረስ የስልክ ቁጥር ያነበብንላት እኛ ነበርን፤ አሁን ግን ታያለች። ስልኩን ከፍታ በእጇ እንደያዘችው ጠራ። ሰብለወንጌል ናት።

አክስታችን አርባህን አውጥታ ነበር። እስከ አርባ ድረስ ያልተነገራት እናት ትኖራለች ብላ አላሰበችም። ስለዚህ እንደምን አለሽ ካለቻት በኋላ በቀጥታ "አርባውን በደንብ አውጥተንለታል፣ ካህናቱም ፈትተውታል፣ ሐሳብ አይግባሽ" አለቻት። እማ የሞትህን ወሬ ከአርባህ ወሬ ላይ ነው ያወቀችው። እንዴት እንደሞትክም አክስታችን እያለቀሰች ነገረቻት። እማ ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ፣ ደክመሻል" ብላ ዘጋችው። ስልኩን አጥፍታ ጆንያው ውስጥ መለሰችው፤ ማሽላውን ሰፈረች።

"ሰብሌ የነገረችኝ እሷ መሆኗን አታውቅም" አለችኝ። "እንዳትነግራት። ልጄን ቀብራልኛለች፤ መርዶውንም እኔ ነኝ የጣልኩባት እያለች ደግሞ ትኑር?"

ለምን ዝም እንዳለችኝ ጠየቅኳት። ይመር በየቀኑ መጥቶ ዓይኗን አይቶ ደስ ብሎት እንደሚሄድ፣ ሰዉ ሁሉ ስለ እሷ ብሎ እንደታሰረ፣ ይህንን አፍርሳባቸው ምን እንደምታተርፍ አሰበች። "አንተን ደግሞ ሳይህ" አለችና ቆመች። "ችለህ ስትውል አየሁህ። አውቃ ይሆን እያልክ ከመፍራት፣ አታውቅም ብለህ ብትተኛ ይሻልሃል ብዬ።"

ጠብታው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከሰዓቱ ውጪ የጠየቀችኝ ሁሉ፣ ጭኔ ላይ ጭንቅላቷን አሳርፋ ዓይኗን ጨፍና የቆየችበት፣ እኔ በነጠላዋ ጫፍ የጠረግኩት ሁሉ። ለአንተ ስታለቅስ እንባዋን የጠረግኩት እኔ ነኝ፣ በቃሉ፤ አላወቅኩም እንጂ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አየን። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩልህም። አንዷ ግን አረንጓዴ ነበረች፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። እስከ ትናንት ድረስ የተዘጋው አንድ በር ነበር፤ አሁን ሁለታችንም ከውስጥ ሆነን ደግፈነዋል። ዛሬ ከሆስፒታል ስንመለስ ይመር እቤታችን ሆኖ ጠብቆን ነበር። እማ ነርሷ ያለችውን ስትነግረው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አመሰገነ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ "በቃሉ በሰው በኩል ሰላም ብሎሻል" አላት። እማ ዓይን ዓይኑን እያየችው "ይድረሰኝ፤ በመንገዱ ይጠንቀቅ በለው" አለችው። ይመር ፊቴን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ብዙ ቆየ። እማና እኔ አልተያየንም። ሰሐኑን አነሳሁ፣ እሷ ጠረጴዛውን ጠረገች። ሦስታችንም የምናውቀውን ሦስታችንም ስንደብቅ መሸ።

የዕድሩ ድንኳን ሐምዳን ሱቅ ጀርባ ተቀምጧል፤ ብረቱ በመስኮት ይታየኛል። ዶሮ ጮኋል። ሊነጋ ነው። ስትጠራኝ ሰማሁ፤ ቆይ፣ እመለሳለሁ።

ተመለስኩ።

እማ ፊቷን ታጥባ፣ አልጋዋን አንጥፋ፣ ነጠላዋን እንደ ደህና ቀን ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። መርዶ ነጋሪ ሲገባ እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ እንዳያገኛት ነው። "ጠብታዬን አድርግልኝ" አለችኝ። ነርሷ በቃ ብላለች እኮ አልኳት። "ሰዉ ከመግባቱ በፊት አንዴ። ለአንድ ጊዜ የሚሆን አለው አይደል?"

ብልቃጡን ነቀነቅኩት፤ አለው። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አሳረፈች። ጠብ አደረግኩላት። ዓይኗን ጨፈነች፤ በዚህ ጊዜ ውኃው ሲወርድ አልጠረግኩትም። ስምህን ጠራችው፤ ጮክ ብላ አይደለም፣ ልጅ ሆነህ ከደጅ እራት ስትጠራህ እንደነበረው ነው።

ከዚያ ተነስታ ብልቃጡን ከእጄ ወሰደች። የእኔን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስተኛችው። አሁን መርፌ ውስጥ ክር በሚያስገባው ዓይኗ እያየች፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ የቀረችውን አንዲት ጠብታ ዓይኔ ውስጥ ጣለቻት።

"ያቃጥላል?" አለችኝ።

"ያቃጥላል።"

"እንግዲህ ይውረድ።"

ከጥቅምት ጀምሮ ለአንተ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ።

አሁን የቀርከሃው አጥር ዳር የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማኛል፤ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። የይመርን ሳል ለየሁት። እማ ቦታዋ ላይ ተመልሳ ተቀምጣለች፤ በዓይኗ ወደ በሩ አመለከተችኝ። በሚመጣው ታኅሣሥ እዚያው ቦታ ሰሌን አነጥፋለሁ፤ እማም አብራኝ ናት። አንተ ያለፍክበት ስንደርስ ቀና ብለን እናያለን፤ ያን ጊዜ ስምህን የምንደብቀው ሰው አይኖርም። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።

በሩን ልከፍትላቸው ነው።

ታናሽህ እዩኤል